የሰጠነው ዕቃ የት ደረሰ?

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። የሰጠን እርሱ ነው፤ ከሰጠን ላይ ስጡ ያለንም እርሱ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን። የቢቸናና የሞጣ ጀመዓ፣ የአላህ ባሮች ሆይ! በቅድሚያ ራሴን፣ ቀጥሎም እናንተን አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ። አላህን መፍራት በሶላትና በጾም ብቻ የሚታይ አይደለም፤ ከቤት በሚወጣ አሮጌ ብርድ ልብስም ይታያል። የዛሬው ነገራችን ይኸው ነው።

ረመዷን ሲቃረብ ወይም ዒድ ሲመጣ ቤት ይጸዳል። ቁም ሳጥን ይከፈታል፣ ከአልጋ ሥር ያለው ካርቶን ይጎተታል። ልጆቹ አድገው የተዉት ሹራብ፣ ክዳኑ የጠፋ ድስት፣ አዲስ ሲገዛ ወደ ጓዳ የተገፋ ፍራሽ፣ የሟች አባት ካፖርት ይወጣል። ከዚህ ውስጥ ገሚሱን ቆራሌው ይወስደዋል፤ ገሚሱን ልዋጭ ባዩ በፕላስቲክ ሳፋ ይለውጠዋል። የተረፈውን «ለሰደቃ ይሁን» ብለን ለአንድ ኮሚቴ፣ ለአንድ ማኅበር፣ ወይም ስልኩን ከሰው ላገኘነው ሰብሳቢ እናስረክባለን።

ለቆራሌው የሸጥነውን ቆርቆሮ ዋጋውን ተቀብለን ጨርሰናል፤ ነገ የት እንደሚያደርሰው አይመለከተንም። ከልዋጩ ሰው ጋርም ንግዱ ደጃፍ ላይ አልቋል። በአላህ ስም ያወጣነው ግን ከደጃችን ስለወጣ ብቻ አልተፈጸመም። ሚስኪኑ እጅ እስኪገባ ድረስ መንገድ ላይ ያለ አማና ነው። አላህ በሱረቱን ኒሳእ 58ኛው አንቀጽ አማናን ለባለቤቱ እንድናደርስ አዟል። የዚያ ካፖርት ባለቤት ደግሞ ካወጣነው ጀምሮ እኛ አይደለንም፤ በብርድ የሚያድረው ሰው ነው።

«እኔ ለአላህ ብዬ ሰጥቻለሁ፤ የበላው ይጠየቅበታል» የምንል ብዙ ነን። ንግግሩ ግማሹ እውነት ነው። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ስለ አንድ ሰው ነግረውናል። ሰውየው በሌሊት ሰደቃ ይዞ ወጥቶ ሳያውቅ ለሌባ ሰጠ፤ በሌላው ሌሊት ለአመንዝራ ሴት፣ በሦስተኛው ለሀብታም ሰጠ። ሕዝቡ ቢያማውም ሰደቃው ከንቱ እንዳልሆነ ተነገረው፤ ሌባው ከስርቆቱ፣ ሴቲቱ ከዝሙቷ ሊታቀቡ፣ ሀብታሙም ትምህርት ሊወስድበት ይችላልና። ሐዲሱ ትክክል ነው፤ የእኛ አጠቃቀም ግን ትክክል አይደለም። ያ ሰው በጨለማ የወጣ፣ የሚጠይቀው የሌለው ሰው ነው። እኛ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰብሳቢውን በስሙ እየጠራን፣ ሦስት ጥያቄ ለመጠየቅ ሰንፈን የምንሰጥ ነን። ያላወቀና ማወቅ ያልፈለገ አንድ አይደሉም።

ዕቃ የመሰብሰብ ነገር በእስልምና አዲስ አይደለም። ሙስሊም በዘገቡት በጀሪር ኢብን ዐብዱላህ (ረ.ዐ.) ሐዲስ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ አብዛኞቹ ከሙደር ጎሳ የሆኑ ሰዎች መዲና ገቡ። እግራቸው ባዶ ነው፤ በአካላቸው ላይ ያለው የተቀደደ የሱፍ ጨርቅ ነው፤ ሰይፋቸውን አንግተዋል። ነቢያችን ድህነታቸውን ባዩ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። ወደ ቤት ገቡ፣ ወጡ። ቢላልን አዛን እንዲል አዘዙት፣ አሰገዱ፣ ኹጥባ አደረጉ። ገንዘብ ያለው ከገንዘቡ፣ ልብስ ያለው ከልብሱ፣ ስንዴና ቴምር ያለው ከስንዴውና ከቴምሩ፣ ግማሽ ቴምር እንኳ ቢሆን እንዲሰጥ ጠየቁ። አንድ የአንሷር ሰው ክብደቱ እጁን ያዛለውን ከረጢት ይዞ መጣ። ከዚያ በኋላ ሰው ተከታተለ። ጀሪር በዓይናቸው ያዩት ሁለት ክምር ነው፤ አንዱ ምግብ፣ አንዱ ልብስ። የነቢያችን ፊትም በደስታ አበራ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ቀድሞ የሰጠው ሰው ምንዳ ነው። እኔ ዛሬ ስለ ክምሩ ላንሳ። ክምሩ ሰው ሁሉ የሚያየው ቦታ ላይ ነበር። ሰጪው አየው፣ ችግረኛው አየው፣ ጀመዓው አየው። መጋዘን የለም፣ ቁልፍ የለም፣ «ሌላ ቀን እናከፋፍላለን» የለም። የሰብሳቢ ታማኝነት የሚፈተነው ክምሩ ከሰጪው ዓይን ሲሰወር ነው፤ በእኛ ዘመን ደግሞ ክምሩ ከተሰወረ ወዲያ ያለው መንገድ ረጅም ነው።

ሰብሳቢውን ከመመርመራችን በፊት ግን ካርቶናችንን እንመርምር። መዲና ውስጥ የአንሷር ሰዎች የቴምር ዘለላ እያመጡ በመስጂዱ ምሰሶዎች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ ለድሆች ይሰቅሉ ነበር። የራበው ይመጣል፣ ቆርጦ ይበላል። ለበጎ ሥራ ብዙም የማይጓጓ ሰው ግን የደረቀውንና የተበላሸውን ዘለላ አምጥቶ ከመልካሙ ጋር ይሰቅላል። የሱረቱል በቀራህ 267ኛው አንቀጽ በዚህ ምክንያት እንደወረደ ተዘግቧል። አንቀጹ ከመልካሙ እንድንሰጥ ያዘናል፤ ለራሳችን ቢሰጠን ዓይናችንን ጨፍነን ካልሆነ በቀር የማንቀበለውን መርጠን እንዳናወጣ ይከለክለናል።

ልብሱ ይታጠብ፤ ቁልፉ የወለቀ ይተከልለት። ትኋን ያለበት ፍራሽ ለድሃ አይሰጥም፤ ድሃው ቤት ሌላ መከራ ማስገባት ነው። ሽቦው የተላጠ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሰው ሕይወት ያጠፋል፤ ወይ ተጠግኖ ይሰጥ፣ ወይ ለቆራሌው ይሸጥና ገንዘቡ ይሰጥ። የልጅ ጫማ ጥንዱ በማሰሪያው ይታሰር፤ ካርቶን ውስጥ የተለያየ ጫማ ለማንም አይሆንም። ስልክ የምትሰጡ ደግሞ ፎቶውንና መልእክቱን ሙሉ በሙሉ አጥፉት። የቤተሰባችሁ ገመና አብሮ ሰደቃ አይወጣም።

ተረፈ መድኃኒት ጭራሽ አይሰጥ። በዚህ ላይ የዓለም ልምድ መራራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ስለ መድኃኒት ልገሳ ባወጣው መመሪያ ላይ ከጠቀሳቸው አንዱ የጎረቤታችን የኤርትራ ጉዳይ ነው። በ1989 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ የአገልግሎት ዘመኑ ያለፈበት ሰባት የጭነት መኪና አስፕሪን በእርዳታ ስም ደረሰ፤ አቃጥሎ ለመጨረስ ስድስት ወር ፈጀ። ቦስኒያም በጦርነት ላይ ሳለች፣ ከ1992 እስከ 1996፣ ለጥቅም የማይውል ወደ 17,000 ቶን የሚገመት መድኃኒት ገብቶላታል። ላኪዎቹ ቤታቸውንና መጋዘናቸውን አጽድተው ቀልሏቸው አደሩ። ተቀባዩ የሌላውን ቆሻሻ ሲያቃጥል ከረመ። ታማኝ ሰብሳቢ «ይህን አልቀበልም» የሚል ነው። ያመጣችሁትን ሁሉ ሳያይ «ጀዛከላህ» ብሎ የሚከምር ሰው ወይ የማከፋፈል ሐሳብ የለውም፣ ወይ ለማን እንደሚያከፋፍል አያውቅም።

የሞጣ ሰዎች ይህን ነገር ከመጽሐፍ ብቻ አትማሩትም። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ዕለቱ ጁሙዓ ነበር። በዚያ ቀን በከተማችሁ አራት መስጂዶች ጥቃት ደረሰባቸው፣ ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተዘረፉ፣ ነደዱ። የአገሪቱ ሙስሊም በየከተማው ሐዘኑን ይዞ አደባባይ ወጣ፤ ክርስቲያን ወገኖችም ድርጊቱን አወገዙ። ለሞጣ መዋጮ ተሰበሰበ። ሞጣን በካርታ እንጂ በእግሩ የማያውቅ ሰው ኪሱን ፈታ።

የሰጪው ልብ እዚህ ላይ የሚመሰገን ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ሱቁ የነደደበት ነጋዴ የሚያስፈልገው ምንድን ነው? ያረጀ ሱሪ ነው? ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ መደርደሪያ፣ ሚዛን፣ በዱቤ የሚያምነው አከፋፋይና መነሻ ገንዘብ ነው። ትናንት ዘካ ያወጣ የነበረ ሰው ዛሬ የካርቶን ልብስ ሲመረጥለት ማየት ሁለተኛ ቃጠሎ ነው። አላህ በሱረቱል በቀራህ 273ኛው አንቀጽ ከአለመለመናቸው የተነሳ የማያውቃቸው ሀብታም ስለሚመስሉት ችግረኞች ነግሮናል። እንዲህ ያለውን ሰው ከሩቅ የመጣ ማኅበር በራሱ ሊያገኘው አይችልም። የሰፈሩን ሰው፣ ሽማግሌውን፣ የዕድሩን ዳኛ ያልጠየቀ ድርጅት የሚያገኘው ድምፁ የጎላውን ብቻ ነው። ስለዚህ ለሰብሳቢው የምታቀርቡለት የመጀመሪያው ጥያቄ «የተቀባዮቹን ዝርዝር ማን አወጣው?» ይሁን።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዓባይ በረሃን ወርዶ፣ ደጀን ላይ ወጥቶ፣ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ ሞጣ የሚደርስ አይሱዙ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ነዳጅ አለ፣ ጫኝና አውራጅ አለ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልላችን የገባበት ግጭት መንገዱን አንድ ቀን ዘግቶ አንድ ቀን ይከፍተዋል። ካርቶን ሙሉ አሮጌ ልብስ ከጭነቱ ዋጋ ካነሰ መላኩ ብልኅነት አይደለም። አዲስ አበባ ያለ ወገናችን ልብሱን እዚያው ላለ ችግረኛ ይስጥ፣ ወይም ይሽጥና ገንዘቡን ይላክ። በዚያ ገንዘብ እዚሁ ከሸማኔው ጋቢ ይገዛል። አያቶቻችን የእርሻ መሬት ተከልክለው በሽመናና በንግድ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ የሸማኔ ልጅ በሚበዛበት አገር ሰልባጅ ከሩቅ ማስጫን ይከብደኛል። ቢቸናም ሞጣም ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያሉ ደጋ ከተሞች ናቸው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ውርጭ ስስ ሸሚዝ የሚያደርገው ነገር የለም። ጋቢና ብርድ ልብስ ግን ሰው ያሳድራል። ሥራውን የሚያውቅ ድርጅት «ምን ላምጣ?» ስትሉት ወቅቱን ቆጥሮ ይመልስላችኋል።

ሦስተኛው ስለ ሒሳብ ነው፤ እዚህ ላይ ሰው ያፍራል። «እንዴት የበጎ አድራጎት ሰው ሒሳብ ይጠየቃል? መጥፎ ጥርጣሬ አይሆንም ወይ?» ይባላል። ነቢያችን ጠይቀዋል። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ ኢብኑል ሉትቢያ የተባለ ሰው የበኒ ሱለይምን ዘካ እንዲሰበስብ ተልኮ ተመለሰ። ሲመጣ ነቢያችን ተሳሰቡት። ሰውየውም የሰበሰበውን ለይቶ ይህ የእናንተ ነው፣ ይህ ደግሞ ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። ነቢያችን ሚንበር ላይ ወጡ። ይህ ሰው በአባቱና በእናቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ስጦታው ይመጣለት ነበር ወይ ብለው በሕዝብ ፊት ጠየቁ፤ ከዚያ ገንዘብ ያላግባብ የወሰደ ሁሉ በትንሣኤ ቀን አንገቱ ላይ ተሸክሞት እንደሚመጣም አስጠነቀቁ። ልብ በሉ፤ ሰውየው ሰሓባ ነው፣ የላኩትም እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሰሓባ ከተሳሰበ የእኛ ኮሚቴ፣ የእኛ ማኅበር፣ ጢሙ የረዘመ ወንድማችንም ይሳሰባል።

ሥርዓቱ አለ። አገራችን በ2011 ዓ.ም. ያወጣችው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 ነው። በዚህ አዋጅ የሚሠራ ድርጅት በባለሥልጣኑ ይመዘገባል፣ የምስክር ወረቀት ይይዛል፣ በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ያቀርባል። አስተዳደራዊ ወጪው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ድርጅት ነኝ ብሎ ለሚመጣ ሰው «ምዝገባችሁን አሳየኝ» ማለት ስድብ አይደለም። ገንዘብ ካለም የሚገባው በድርጅቱ ስም በተከፈተ ሒሳብ ነው፤ በግለሰብ የቴሌብር ቁጥር አይደለም። የዕቃ ደረሰኝም አለ፤ «ሁለት ብርድ ልብስ፣ አንድ ፍራሽ፣ አራት ሰሃን» ተብሎ ተጽፎ ተፈርሞ ይሰጣል። ይህን ለመጻፍ የሚሰለች ሰው ለማከፋፈልም ይሰለቻል።

የመስጂዳችን የሰደቃ ኮሚቴና የሰፈሩ ዕድር ግን በዚያ አዋጅ መሠረት የሚመዘገቡ አይደሉም። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችንም ይህን ልብ ይበሉ፤ እዚያ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለመንግሥት የሚያቀርቡት ቅጽ 990 የሚባለው የዓመት ሪፖርት ለማንም ክፍት ነው፤ መስጂድና ቤተ ክርስቲያን ግን እንዲያቀርቡ አይገደዱም። መንግሥት ካልጠየቀን የሚጠይቀን ማን ነው? ጀመዓው ነው። መንግሥት የማያየውን ሒሳብ ጀመዓውም ካላየው፣ ቁልፉ ያለው አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው ማለት ነው።

ስለ ደሞዝ የሚነሳ ክርክርም አለ። «ለአላህ የሚሠራ ደሞዝ አይበላም» የሚል አለ። ይህ አባባል ከቁርኣን ጋር አይስማማም። በሱረቱት ተውባ 60ኛው አንቀጽ ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ክፍሎች ውስጥ አንደኞቹ ዘካውን ለመሰብሰብ የሚሠሩት ናቸው። ዑመር (ረ.ዐ.) ኸይበር ላይ ያገኙትን መሬት ወቅፍ ሲያደርጉም አስተዳዳሪው ሀብት ሳያካብትበት በአግባቡ እንዲበላ ፈቅደዋል። በሻፊዒይ መዝሀብ የሠራተኛው ድርሻ ከስምንት አንድ አይበልጥም። ልጆቹን የሚያበላው የሌለው በጎ ፈቃደኛ ከመጋዘኑ ሲያነሳ ከማየት፣ የታወቀ ደሞዝ ያለው መጋዘን ጠባቂ ይሻለኛል። ነውሩ ደሞዙ ሳይሆን የተደበቀ ደሞዝ ነው።

መጋዘን ጠባቂ ካልን አቡ ሁረይራን (ረ.ዐ.) እናስታውስ። ነቢያችን የረመዷንን ዘካ እህል እንዲጠብቁ ሾሟቸው። በሌሊት አንድ ሰው መጥቶ እህሉን በእጁ ይዝቅ ጀመር። ያዙት። ልጆች አሉብኝ፣ ችግረኛ ነኝ ብሎ ለመናቸው፤ አዝነው ለቀቁት። በሁለተኛውም ሌሊት እንዲሁ ሆነ። ነቢያችን ግን ሰውየው እንደዋሸና ተመልሶ እንደሚመጣ ነግረዋቸዋል። በሦስተኛው ሌሊት ሲያዝ አያተል ኩርሲይን አስተምሯቸው ሄደ፤ በኋላ ማንነቱ ሲነገራቸው ሸይጧን ነበር። ዛሬ በየስልካችን የሚመጣውን የልመና ቪዲዮ ስናይ ይህ ሐዲስ ይታወሰን። የታመመ ልጅ ፎቶ፣ የሚያለቅስ ድምፅ፣ ከሥሩ የግለሰብ ሒሳብ ቁጥር። እንባ ማስረጃ አይደለም። አቡ ሁረይራን ያህል ሰው በልመና ከተታለሉ እኛ ስንት ጊዜ እንታለላለን?

ፎቶ ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህ እንኳን ከሁሉም ያንገበግበኛል። አንዲት አሮጊት ዱቄትና ብርድ ልብስ ይዛ፣ ከአጠገቧ ሦስት ጎረምሶች ባነር ዘርግተው የሚነሱት ፎቶ። አላህ በሱረቱል በቀራህ 264ኛው አንቀጽ ሰደቃችንን በመመጻደቅና በማስቀየም እንዳናበላሽ ከልክሎናል። ከዚህ በላይ ማስቀየም ምን አለ? የጎረቤቶቿ ልጆች ቴሌግራም ላይ ያዩዋታል። «ለሪፖርት ነው» ይላሉ። ለሪፖርት ፊርማዋ ወይም የጣት አሻራዋ ያለበት መዝገብ ይበቃል። ዕቃ ከመስጠታችሁ በፊት የድርጅቱን ገጽ ክፈቱና ተመልከቱ። የተቀባይ ፊት ከሞላበት ሌላ ፈልጉ። ሰጪ ስሙን ቢደብቅ ያምርበታል፤ ሰብሳቢ ሒሳቡን ሲደብቅ ግን አያምርበትም።

ይህን ብዬ ለራሴም ለእናንተም አላህን ምሕረት እለምናለሁ፤ እናንተም ለምኑት፣ እርሱ መሐሪና አዛኝ ነውና።

ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በመልእክተኛው ላይ ይሁን። የአላህ ባሮች ሆይ! እስካሁን ስለ ድርጅት ተናገርን። ሁለተኛው ኹጥባ ስለ ቅርቡ ሰው ነው።

የኢብን መስዑድ ባለቤት ዘይነብ (ረ.ዐ.) ለባሏና በእጇ ላሳደገቻቸው የቲሞች ሰደቃ መስጠት ትችል እንደሆነ አስጠይቃ ነበር። የተሰጣት መልስ ሁለት ምንዳ እንዳላት ነው፤ የዝምድናና የሰደቃ። ስለዚህ ካርቶኑን ከማሰራችሁ በፊት የአጎት ልጅ አለ ወይ? አዲስ ቤት የመሠረተች የእህት ልጅ አለች ወይ? ድስት የሚቀበል ድርጅት ከመፈለግ በፊት፣ ድስት የሌላት ሙሽራ በዘመድ ውስጥ ትገኛለች። ለዘመድ በሚሰጥ ዕቃ መንገድ የለም፣ መጋዘን የለም፣ ሪፖርት የለም።

ከዘመድ ቀጥሎ ጎረቤት ነው። ዐብዱላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ.) ቤታቸው በግ ሲታረድ ቤተሰቡን ደጋግመው የጠየቁት ለአይሁዳዊው ጎረቤታችን ሰጣችሁ ወይ ብለው ነው። አስማእ ቢንት አቡበክርም (ረ.ዐ.) ገና ያልሰለሙ እናታቸው ሲመጡባቸው ውለታ ሊውሉላቸው ይችሉ እንደሆነ ነቢያችንን ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል። በቢቸናና በሞጣ ግድግዳ የሚጋራን ክርስቲያን ጎረቤት አለ፤ በሐዘን ድንኳን አብሮን የሚተክል፣ ዕድር የሚጋራን ነው። ዘካ የራሱ ስምንት ክፍል አለው፤ ዓሊሞቹን ጠይቁ። የሰደቃ ብርድ ልብስ ግን የሰውዬውን ሃይማኖት አይጠይቅም። ከ2012 በኋላ ይህን ሞጣ ላይ መናገር ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም እናገረዋለሁ።

በዚሁ መንገድ የሌላ እምነት ሰው ለመሠረተው በጎ ሥራ መስጠትስ ይቻላል ወይ የሚል ጥያቄ ይመጣል። ይቻላል። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን ተመልከቱ፤ ቢኒያም በለጠ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ከጎዳና ያነሳቸውን አረጋውያንና ሕሙማን ይዞ የሚኖርበት ቤት ነው። ይህን የማነሳው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ሰው ሄዶ ያየዋል። ሠርጉን፣ ልደቱን እዚያ የሚያከብር ብዙ ነው። የሰጠው ልብስ በማን ላይ እንዳለ በዓይኑ ይመለከታል። ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም በብዙ ዞኖች ቢሮ ያለው፣ በስሙ የሚጠየቅ ተቋም ነው። የአንድን ድርጅት ታማኝነት ለማወቅ ከማስታወቂያው ይልቅ በሩን ማንኳኳት ይሻላል። «ያለ ቀጠሮ መጥቼ ልይ» ስትሉት የሚከፍት ቤት መልካም ቤት ነው። ሰበብ የሚደረድረውን ተዉት።

ውጭ ላላችሁ ልጆቻችን አንድ ቃል። በዋሺንግተንም ሆነ በሌላ ከተማ መኪና ማቆሚያ ላይ የቆመ የልብስ ሳጥን ሁሉ ለድሃ አይደርስም፤ እዚያ ከሚሰበሰበው ልብስ ብዙው በጅምላ እየተሸጠ ወደ ሌሎች አገሮች ገበያ የሚጫን ነው። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ የማን እንደሆነ ካልተጻፈ እለፉት። ለቢቸና ካሰባችሁ ደግሞ የመርከብና የቀረጥ ወጪ ከልብሱ ዋጋ እንደሚበልጥ አትርሱ። ለአንዲት የቲም የትምህርት ቤት ጫማ መግዣ ላኩ።

አሁን ወደ እናንተ ወደ ኮሚቴዎች ልምጣ። ስለ እናንተ ብዙ ተናግሬ ሳላመሰግን ብወርድ ግፍ ነው። ነቢያችን የታዘዘውን ሳያጓድል፣ በደስታ፣ ለታዘዘለት ሰው የሚያደርስ ታማኝ ግምጃ ቤት ጠባቂ ከሁለቱ ሰጪዎች አንዱ እንደሆነ ነግረውናል። የራሱ ብርድ ልብስ ሳይኖረው በእጁ ያለፈው ብርድ ልብስ ሁሉ ምንዳ ይጻፍለታል። በበጋ ፀሐይ ካርቶን የምትሸከሙ፣ የሱቃችሁን በር ዘግታችሁ ዝርዝር የምትጽፉ ወንድሞችና እህቶች አላችሁ። አላህ ይቀበላችሁ። ሲጠይቋችሁ አትቆጡ። ጥያቄው እናንተን ከሐሜት የሚያድናችሁ ነው። ዛሬ የተጻፈ ደረሰኝ ነገ የልጆቻችሁን ስም ይጠብቃል። መጋዘኑ ውስጥ የቆየ ዕቃ ካለ አውጡት፤ ታኅሣሥ ላይ ያልደረሰ ብርድ ልብስ ሚያዝያ ላይ ለማን ይሆናል? ለራሳችሁ ወይም ለዘመዳችሁ አንድ ዕቃ ከወደዳችሁ አትለዩት፤ ኢብኑል ሉትቢያን አስታውሱ። መጋዘኑን ሁለት ሰው በሁለት ቁልፍ ይክፈተው።

አላህ ሆይ! ያወጣነውን ተቀበለን። በእጃችን ያለውን አማና ለባለቤቱ የምናደርስ አድርገን። የተቃጠለባቸውን ተካላቸው፤ በብርድ የሚያድሩትን አሙቃቸው፤ አገራችንን ሰላም አድርግ፣ መንገዶቻችንን ክፈት። የሞቱብንን ማር፤ ለታመሙብን ሺፋእ ስጥ። አሚን።

ኮሚቴዎች፣ ከሚቀጥለው ጁሙዓ ጀምሮ ምን ዕቃ እንደገባ፣ ምን እንደወጣ፣ ለየትኛው ቀበሌ እንደተሰጠ፣ የተቀባይ ስም ሳይጻፍበት፣ በአንድ ወረቀት አድርጋችሁ በመስጂዱ በር ላይ ለጥፉልን። ጀመዓ፣ እናንተም ቆማችሁ አንብቡት፤ ያልገባችሁን ጠይቁ።